ስህተቱ ሰው ይመርጣል

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሶሳ ላይ አንድ የተረጂዎች ዝርዝር እጄ ገባ። በላቲን ፊደል የተጻፈ፣ ተራ ቁጥር የተሰጠው፣ ሲያዩት እንከን የሌለው ዝርዝር ነው። ወደ መሀል ስወርድ ግን ስሟ «አድ» የተባለ አንዲት እናት አገኘሁ። አድ የሚባል ስም ሰምቼ አላውቅም። ዝርዝሩን የያዘው ኃላፊ ሳያመነታ ፈረደ፤ «መረጃ ሰብሳቢው ነው፣ ቸኩሎ ነው የሞላው» አለ። ልጁ ተጠራ። ቀኑን ሙሉ ታብሌት ይዞ ከቤት ቤት ሲዞር የዋለ፣ ጫማው በቀይ አፈር የተለወሰ ወጣት ነው። ተቆጡት። «ጋሼ፣ እኔ ሱዓድ ብዬ ነው የጻፍኩት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ያመነው አልነበረም። ታብሌቱን ተቀብዬ ፋይሉን ከፈትኩት። ሱዓድ ይላል። በላቲን ሲጻፍ መሀሉ ላይ አፖስትሮፍ ያለበት ስም፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል።

ስሟን የቆረጠው ልጁ አልነበረም። ከታብሌቱ የመጣውን የኤክስኤምኤል ፋይል አንብቦ ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባው፣ በጃቫ የተጻፈው ኮድ ነው።

በሶፍትዌር ሙያችን ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ አመለካከት አለ። ከኤክስኤምኤል ኤለመንት ውስጥ ጽሑፍ ማውጣት ተራ ነገር ነው፣ የአንድ መስመር ሥራ ነው፣ ለጀማሪ ይሰጣል፣ ከሆነ ቦታ ተቀድቶ ይለጠፋል ይባላል። አንጋፋው ባለሙያ ዳሽቦርዱን ይሠራል፣ ሰርቨሩን ያደራጃል፤ ጽሑፍ የማውጣቱ ጉዳይ ለተለማማጅ ይጣላል። ከሺህ መዝገብ አንዱ ቢበላሽም «ጥቃቅን ስህተት አይጠፋም» ተብሎ ይታለፋል። ይህን አመለካከት ከዓመት ዓመት ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ወጣት ሳለሁ እኔም ብዬዋለሁ። ዛሬ ግን ስህተት ብቻ ሳይሆን በደልም ነው ባይ ነኝ። ከሺህ አንዱን የሚያበላሸው ስህተት ዕጣ አያወጣም። የሚወድቀው ስማቸው፣ ፊደላቸው፣ የዘመን አቆጣጠራቸው ኮዱ ከተሞከረበት ምሳሌ ጋር በማይገጥም ሰዎች ላይ ነው። አሶሳ ባለችበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

መጀመሪያ ነገሩ የት እንዳለ ላሳይ። በአገራችን የቤት ለቤት ጥናትና የተረጂ ምዝገባ በብዛት የሚካሄድባቸው ኦዲኬ እና ከእርሱ የተወለደው ኮቦ መጠይቃቸውም ሆነ የተሞላው መልስ ኤክስኤምኤል ነው። ባለ ታብሌቱ «ላክ» ሲል የሚሄደው እያንዳንዱ መልስ በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት መካከል የተቀመጠ ጽሑፍ ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው የዎርድ ሰነድም ቢፈታ ውስጡ ኤክስኤምኤል ነው። ጤና ሚኒስቴር የሚሠራበት የጤና መረጃ ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ በጃቫ የተጻፈ ነው፤ መረጃ ሲቀበልና ሲሰጥም ኤክስኤምኤልን ያውቃል። ስለዚህ «ማን አሁን ኤክስኤምኤል ይጠቀማል» የሚለው ጥያቄ መልሱ በክልሉ ወረዳዎች በባምባሲም በኩርሙክም ይገኛል።

አሁን ወደ ሱዓድ ልመለስ። ጃቫ ትልልቅ ፋይሎችን ለማንበብ ሳክስ የሚባል መንገድ አለው። ፓርሰሩ ፋይሉን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ጽሑፍ ባገኘ ቁጥር «ካራክተርስ» የተባለውን ክፍል ይጠራና ያገኘውን ያቀብላል። የአጠቃቀም ሰነዱ ላይ በግልጽ የተጻፈ ነገር አለ፤ የአንድ ኤለመንት ጽሑፍ በአንድ ጥሪ ተጠቃሎ ሊመጣ ይችላል፣ ተቆራርጦ በብዙ ጥሪም ሊመጣ ይችላል። ኮዱን የጻፈው ተለማማጅ ይህን አላነበበም። ጽሑፉ በመጣ ቁጥር «ስሙ ይህ ነው» ብሎ የቀደመውን እያጠፋ ይመዘግባል። አበበና ከበደ ላይ ሲሞክረው ሠራለት። አበበና ከበደ ሁልጊዜ ያልፋሉ። በሱዓድ ስም መሀል ያለው አፖስትሮፍ ግን ፋይሉ ውስጥ የገባው በአምፐርሳንድ በሚጀምር መተኪያ ኮድ ተለውጦ ነበር፤ ብዙ ሶፍትዌሮች ለጥንቃቄ እንዲህ ያደርጋሉ። የጃቫ ፓርሰር እዚያ ላይ ሲደርስ ስሙን ሦስት ቦታ ቆርሶ ያቀብላል፤ መጀመሪያ «ሱ»፣ ከዚያ ምልክቱን፣ ከዚያ «አድ»። ኮዱ ሁለቱን ጣለና የመጨረሻውን ያዘ። መድኃኒቱ የሚመጣውን ቁራጭ ሁሉ እያከማቹ ኤለመንቱ ሲዘጋ ብቻ መመዝገብ ነው። ሦስት መስመር አይሞላም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማን እንደተጎዳ እንይ። በላቲን ሲጻፍ አፖስትሮፍ የሚገባው በየትኞቹ ስሞች ነው? ዓይን ወይም ሐምዛ የተባሉት ፊደላት ባሉባቸው የዐረብኛ ስሞች ነው፤ ሰዒድ፣ መስዑድ፣ ሱዓድ። ሁዳ የተባለው ምልክት ባለባቸው የአፋን ኦሮሞ ስሞችም ነው። አብዛኛው የበርታ ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአገራቸውን ጦርነት ሸሽተው በኩርሙክ በኩል የገቡት ሱዳናውያንም ስማቸው ይኸው ነው፤ አፋን ኦሮሞም በክልሉ በሰፊው ይነገራል። ያው ኮድ ደብረ ብርሃን ላይ ቢሠራ ዓመት ሙሉ ሰላም ይሆናል። አሶሳ ሲደርስ ቀበሌ ለቀበሌ ስም ይበላል። ጸሐፊው ክፋት አልነበረውም፤ ሙከራው ላይ አንድም የአሶሳ ሰው አልነበረም እንጂ።

ሌላውን መንገድ ደግሞ እንይ፤ ዶም ይባላል። ፋይሉን በሙሉ እንደ ዛፍ አድርጎ ኮምፒውተሩ ላይ ይዘረጋዋል፤ ቀርከሃ አንጓ እንዳለው እያንዳንዱ ነገር አንጓ ነው። ጀማሪው ኤለመንቱን ይዞ «ጌት ኖድ ቫልዩ» ሲል መልሱ ባዶ ይመጣበታል። ኤለመንቱ ራሱ ጽሑፍ አልያዘም፤ ጽሑፉ በውስጡ ያለ ሌላ አንጓ ነው። ይሄኔ የመጀመሪያውን ልጅ አንጓ ይጠራና ይሠራለታል፤ ያልተሞላ ኤለመንት እስኪመጣ ድረስ። ከዚያ «ጌት ቴክስት ኮንቴንት» የምትለዋን ያገኝና ተገላገልኩ ይላል። እርሷም ብትሆን በሥርዋ ያለውን ሁሉ አጣብቃ ነው የምታመጣው። በስሙ ኤለመንት ፋንታ በሰውየው ኤለመንት ላይ ከተጠራች ስም፣ ዕድሜና ጾታ አንድ ቃል ሆነው ይመጣሉ።

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ «ጌት ኤለመንትስ ባይ ታግ ኔም» ነው። አንድን ኤለመንት በስሙ ፈልግ ስትሉት በየትኛውም ጥልቀት ያለውን ሁሉ በፋይሉ ቅደም ተከተል ያመጣል። የቤተሰብ መጠይቅ አስቡ። የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም አለ፣ ከሥሩ የእያንዳንዱ ልጅ ስም አለ፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ኤለመንት። ኮዱ «የመጀመሪያውን ስም አምጣ» ይላል፤ ፋይሉ ሙሉ እስከሆነ ድረስ የመጀመሪያው የእማወራዋ ነው። ነገር ግን የእርሷ ስም በሆነ ምክንያት ካልተላከ የመጀመሪያ የሚሆነው የበኩር ልጇ ስም ነው። የሰባት ዓመት ሕፃን እማወራ ሆኖ ይመዘገባል። ስህተት የሚል መልእክት አይወጣም፣ ቀይ መብራት አይበራም። በእርዳታ ቀን እናቲቱ መታወቂያዋን ይዛ ትሰለፋለች፤ ዝርዝሩ ላይ የለችም።

ፊደላችንም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ኤክስኤምኤል በ1998 እ.ኤ.አ. ሲደነገግ ለኤለመንት ስም የተፈቀዱት በጊዜው ዩኒኮድ ውስጥ የነበሩት ፊደላት ብቻ ናቸው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በሥሪት 3.0 ነው፤ በአንድ ዓመት ተቀደምን። በግዕዝ ፊደል ኤለመንት መሰየም የተፈቀደው በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው ኤክስኤምኤል 1.1፣ ቀጥሎም በ2008 እ.ኤ.አ. በአሮጌው 1.0 አምስተኛ እትም ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ዕቃው ሲሠራ እኛ ጠረጴዛው ላይ እንዳልነበርን ለማስታወስ ነው።

በኤለመንቱ ውስጥ የሚገባው ጽሑፍ ግን በየትኛውም ቋንቋ ሊሆን ይችላል፤ የሚበላሸውም በእኛው እጅ ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። «አሶሳ» ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት ናት። ፋይሉን በ8,192 ባይት እየቆረሰ እያንዳንዱን ቁራሽ ለብቻው ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ኮድ አይቻለሁ። 8,192 ለሦስት እኩል አይካፈልም፤ ስለዚህ ድንበሩ ላይ የወደቀ ፊደል ለሁለት ይሰነጠቅና ሁለቱም ወገን ቆሻሻ ይሆናል። በተራ የእንግሊዝኛ ፊደል ይህ ፈጽሞ አይደርስም፤ አንዱ ፊደል አንድ ባይት ነውና። በዚያ ላይ ከጃቫ 18 በፊት፣ ማለትም ከ2022 እ.ኤ.አ. በፊት፣ የፊደል አቀማመጡ (ኢንኮዲንጉ) ካልተነገረው ጃቫ የሚከተለው የኮምፒውተሩን ልማድ ነበር። ዊንዶውስ ላይ ይህ ማለት አሶሳ ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆና ልትጻፍ ትችላለች ማለት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ዛሬም ጃቫ 8 የሚሠራባቸው ኮምፒውተሮች አሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባይቱን ሳትነኩ ለፓርሰሩ ስጡት፣ ፋይሉ ራሱ በየትኛው አቀማመጥ እንደተጻፈ ይነግረዋል። ጉብዝና ለማሳየት መሀል መግባት ነው ጥፋቱ።

ስሙን ካወጡ በኋላ በክፍት ቦታ እየቆረጡ «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» ብለው የሚያከፋፍሉም አሉ። ኃይለ ሥላሴን፣ ወልደ ገብርኤልን፣ አብዱል ቃድርን ያየ ሰው ይህን አያደርግም።

ወደ ቀን እንምጣ፤ እዚህ ላይ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዓለም የሚያውቀው ምሳሌ አላት። የሕዳሴ ግድብ መተከል ዞን፣ ጉባ ላይ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ነው። ይህ ቀን በኤለመንት ውስጥ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ በቁጥር ይቀመጥ፤ 2017፣ 13፣ 4። በቀድሞው የጃቫ መሣሪያ፣ በ«ሲምፕል ዴት ፎርማት» አንብቡት። 13ኛ ወር አያውቅም፤ ግን አያውቅም ብሎ አይጮህም። በተፈጥሮው ለዘብተኛ ነውና የተረፈውን ወር ወደሚቀጥለው ዓመት ያሻግረዋል፤ 2018፣ 1፣ 4 ብሎ ይመልሳል። የግድቡ ምረቃ መስከረም 4 ሆነ። የዚያኑ ዓመት ጥቅምት 30ን ስጡት፤ ሁለተኛ ወር 30 ቀን የለውም ብሎ ያምናልና ኅዳር 2 አድርጎ ይመልሳል። ሕፃን ጥቅምት 30 ይወለዳል፣ ክትባቱ ከኅዳር 2 ይቆጠርለታል። አዲሱ «ሎካል ዴት» ይሻላል፤ አልቀበልም ብሎ ስህተት ይጥላል። ያን ጊዜ ደግሞ የኛ ሰው ስህተቱን ዋጥ አድርጎ ቦታውን ባዶ ይተወዋል፤ ፕሮግራሙ እንዳይቆምበት። ከጃቫ ጋር የሚመጣው መደበኛ ላይብረሪ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አልያዘም፤ ጆዳ ታይም እና ስሪ ቴን ኤክስትራ ግን ይዘውታል፣ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ዲኤችአይኤስ 2 እንኳ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ከምርጫዎቹ አንዱ አድርጎታል። ያልነበረን መሣሪያው ሳይሆን «ይህ ነገር ትልቅ ነው» የሚል ሰው ነው።

አሁን ሰው ወደሚሞትበት ስህተት ደረስኩ። ባዶ እና ዜሮ አንድ አይደሉም። የበሽታ ቅኝት ሥርዓታችን ለዚህ ጠንቃቃ ነው፤ አንድ ጤና ኬላ ታማሚ ባያይ እንኳ «ዜሮ» ብሎ እንዲልክ ያስገድዳል። ዜሮ ማለት ፈልጌ አጣሁ ነው። ባዶ ማለት ገና አልሰማንም ነው። በዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ ዜሮ እንዲቀመጥ ከተፈለገ ለመረጃው ዓይነት ሆን ተብሎ ምልክት ይደረግለታል፤ ሠሪዎቹ ልዩነቱን አስበውበታል። በመካከል የሚቆመው ጽሑፍ አውጪ ኮድ ግን ምን ያደርጋል? ኤለመንቱ ባዶ ከሆነ ቁጥር ማድረግ አይቻልምና «ባዶ ከሆነ ዜሮ በል» የምትል መስመር ይጨመርበታል። ይህችን መስመር ባየሁ ቁጥር ያመኛል። ላይብረሪ ቢጠቀሙም ላያመልጡ ይችላሉ፤ የሚቀበለው ቦታ ተራ «ኢንት» ከተባለ ኤለመንቱ ጨርሶ ሳይመጣ እንኳ ዋጋው ዜሮ ሆኖ ይገኛል። ወባ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ እንግዳ በሽታ አይደለችም፤ ቤት የማታንኳኳበት ቀበሌ ብርቅ ነው። ክረምቱ መንገዱን ቆርጦት፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ባለሙያዋ ራሷ ታማ ተኝታ ሪፖርቱ ያልሞላ ሳምንት ይመጣል። ዳሽቦርዱ ላይ ያ ቀበሌ አረንጓዴ ይሆናል፤ ወባ ዜሮ። መድኃኒቱ ወደ ሌላ ይጫናል። መረጃ ያጣነው እጅግ በተቸገረችው ቀበሌ ስለሆነ ጤነኛ መስላ የምትታየው እርሷ ትሆናለች።

የሚቃወሙኝ ወዳጆቼ ሦስት ነገር ይሉኛል። አንደኛው ላይብረሪ አለ የሚለው ነው። አለ፤ ጥሩም ነው። ግን ጃክስቢ ለምሳሌ ከጃቫ 11 ጀምሮ ከመደበኛው ጥቅል ወጥቷል፤ እንዲያ ሲሆን የሰነፍ እጅ ወደ ቁርጥራጭ ኮድ ይመለሳል። ጽሑፉን በመክፈቻና በመዝጊያው መካከል በቀጥታ እንቆርጠዋለን የሚሉት ደግሞ መልስም አይገባቸውም፤ መተኪያ ኮዱን ሳይፈቱ ስም ብለው ይመዘግቡታል። ሁለተኛው ጄሰን ይተካዋል የሚል ነው። ይተካው፤ ጳጉሜን በጄሰንም 13ኛ ወር ናት፣ ባዶም በጄሰን ዜሮ አይደለም፣ ወልደ ገብርኤልም በጄሰን ውስጥ ለሁለት መቆረጥ የለበትም።

ሦስተኛው ክርክር ከባድ ነው፤ በቅንነት የሚቀርብም ነው። ጊዜ የለም፣ ባጀቱ ትንሽ ነው፣ ተረጂው ዛሬ ነው የሚበላው፣ ከሺህ 999ኙ ከደረሰ ይበቃል ይላሉ። ረኃብና ጥድፊያ ባለበት ቦታ ይህን የሚለውን ሰው አልንቀውም። ግን 999ኙ እነማን ናቸው? ኮዱ ሲጻፍ የታሰቡት ናቸው። አንዷ ማን ናት? በዝርዝር ሁሉ፣ በየዓመቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ያችው አንዷ ናት፤ ስሟ በምርጫ ዝርዝርም፣ በጤና ካርድም፣ በተረጂ መዝገብም እዚያው ምልክቱ ላይ ይሰበራል። ለእርሷ ኪሳራው ከሺህ አንድ ሳይሆን ሙሉ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ጽሑፍ የሚያወጣውን ኮድ ከቡድኑ ብልህ የተባለው ሰው ይጻፈው፣ ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ያንብበው። የሙከራው ፋይል ከአሶሳ ይምጣ። ሱዓድ ትኑርበት፣ ጳጉሜን 6 የተወለደ ይኑርበት፣ ስሟ ያልተሞላ እማወራ ከሰባት ልጆቿ ጋር ትኑርበት፣ ሪፖርት ያላደረገ ጤና ኬላና ዜሮ ያደረገ ጤና ኬላ ጎን ለጎን ይኑሩበት። ከዳታቤዙ የወጣ ነገር የማይመስል ሲሆን መረጃ ሰብሳቢውን ከመጥራታችሁ በፊት የራሳችሁን ኮድ ክፈቱ። ከታብሌት የመጣውን ዋና ፋይልም «ገብቷል፣ ይጥፋ» አትበሉ፤ ያወጣችሁት ጽሑፍ የእናንተ አረዳድ ነው፣ ሰውየው የተናገረው ያለው ፋይሉ ላይ ነው።

የዚያን ጊዜ ኮዱን ያስተካከልነው በአንድ ከሰዓት ነበር። የዚያ ወር ፋይሎች ስላልጠፉ እንደገና አስነበብናቸው፤ ሱዓድ ከነስሟ ተመለሰች። ከእርሷ በፊት በነበሩት ወራት የተሰበሰቡት ፋይሎች ግን ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ ከታብሌቱም ከሰርቨሩም ተሰርዘው ነበር። የቀረው ዳታቤዙ ነው፣ እዚያም ያለው ቁራጭ ስም ነው። ያ የተቆጡት ልጅ ቁራጮቹ የታተሙበትን ወረቀት ተቀበለ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፣ በማግስቱም ከመጀመሪያው ቤት ጀምሮ «ስምሽን ማን ልበል?» እያለ እንደገና ሊጠይቅ ወጣ።